ምዕራፍ 7፦ የአጥሩ በር

ነሐሴ 2015 ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ካለ አንድ ሆቴል ስልክ ተደወለልኝ። የደወለችው እንግዳ መቀበያው ላይ የምትሠራው ልጅ ናት። «ወንድሜ፣ አንድ ሌሊት የት ገባ?» አለችኝ። ለዓመት በዓል የሚመጡ እንግዶች ከጳጉሜን 4 እስከ መስከረም 2 ክፍል አስይዘዋል። እሷ በጣቷ ስትቆጥር አራት ሌሊት ይሆናል። እኛ የሠራንላቸው ፕሮግራም ግን ሦስት ብሎ የሦስት ሌሊት ሒሳብ አውጥቷል።

ልክ የነበረችው እሷ ናት። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ደግሞ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች። ፕሮግራሙ አምስት ብቻ ነው ያላት። የስሕተቱ ምንጭ አንዲት መስመር ነበረች። ኮዱን ስንጽፍ የፈረንጆቹ ደንብ እጃችን ላይ ቀርቶ፣ ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ ምንም ካልተረፈ ጳጉሜን ስድስት ትሁን ብለን ነበር። የእኛ ደንብ ግን ሦስት ሲተርፍ ነው። 2015ን ለአራት ብታካፍሉት 503 ይደርስና ሦስት ይቀራል።

አንዲት ቁጥር መለወጥ የደቂቃ ሥራ ነው። ነገር ግን ያቺ መስመር የምትገኘው ሆቴሉ ፕሮግራም ውስጥ አልነበረም። የቀን አቆጣጠሩን ለብቻው አውጥተን፣ ራሱን የቻለ ሥራ አድርገነው ነበርና ስሕተቱም እዚያ ነው ያለው። ይህ ምዕራፍ የሚናገረው በእነዚህ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ስላለው መንገድ ነው።

ፕሮግራመሮች እንዲህ ተለይቶ የወጣን ሥራ ፓኬጅ ይሉታል። በዚህ መጽሐፍ ጥቅል እለዋለሁ፤ ለሞባይል ኢንተርኔት የምንገዛውም ጥቅል ስለሚባል አንባቢ እንዳይምታታበት ብቻ አደራ። ጥቅል ማለት አንድን ጉዳይ ጠንቅቆ የሚያውቅና ሌሎች ፕሮግራሞች ሊጠሩት የሚችሉት የኮድ ስብስብ ነው። የሆቴሉ ፕሮግራም ጳጉሜን ስንት ቀን እንደሆነች ማወቅ የለበትም። ሲያስፈልገው ጥቅሉን ይጠይቃል። ነገ ለትምህርት ቤት የክፍያ መዝገብ ብንሠራ እሱም ያንኑ ጥቅል ይጠይቃል። ስሕተት ከተገኘ አንድ ቦታ ይታረማል።

የኢትዮጵያን አቆጣጠር ጥቅል ማድረግ ብዙዎች የደከሙበት ነገር ነው። በዳርት ቋንቋ ለሚጽፉ፣ ባሕረ ሐሳብን የሚያሰላ «አቡሻኽር» የተባለ ጥቅል አለ፤ ስሙን ያገኘው ለአቆጣጠር ሊቃውንቱ ሥራ መሠረት ከሆነው ከ13ኛው መቶ ዘመን ግብጻዊ ሊቅ ነው። የዚያን ጊዜ ብራውዘሮችም የእኛን ቀን አውጥተው ማሳየት ይችሉ ነበር። ማሳየት እንጂ ማስላት ግን አይሆንላቸውም ነበር። ከጳጉሜን 4 እስከ መስከረም 2 ስንት ሌሊት አለ ብላችሁ ብትጠይቋቸው መልስ አልነበራቸውም። ቀኑ የሚጀምረው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሳይሆን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው ብትሏቸውም አይገባቸውም ነበር። አዳማ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ያው ሒሳብ በአማርኛ «ጳጉሜን»፣ በአፋን ኦሮሞ «ቃሜ» ተብሎ መታተም አለበት። መስከረም «ፉልባና»፣ ኅዳር «ሳዳሳ» ነው። የራሳችንን ጥቅል የጻፍነው ለዚህ ነበር።

እንግዲህ መስመሯን አረምን እንበል። የታረመው ነገር ሆቴሉ ፕሮግራም ውስጥ እንዴት ይገባል? ደንበኛው መንገድ ረጅም ነው። ጥቅሉ አዲስ የቨርዥን ቁጥር ይሰጠዋል፤ ኤንፒኤም ወደተባለው የዓለም የጥቅሎች ማከማቻ ይላካል፤ ከዚያ ወደ ሆቴሉ ፕሮግራም ተመልሶ አዲሱ ቨርዥን ከማከማቻው ይወርዳል። ሁለቱም ሥራዎች ያሉት አንድ ላፕቶፕ ላይ፣ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ፎልደሮች ውስጥ ነው። ኮዱ ግን ከአንዱ ፎልደር ወደ ሌላው ለመሻገር ውቅያኖስ አቋርጦ ይመለሳል። ከአዳማ ተነስቶ ወንጂ ለመድረስ በጅቡቲ እንደመዞር ነው።

ዙሩ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ኮድ ግን አንዴ ታርሞ አያልቅም። ታርመዋለህ፣ ትሞክረዋለህ፣ ሌላ ነገር ይበላሻል፣ እንደገና ታርመዋለህ። ኤንፒኤም ላይ ደግሞ አንዴ የወጣ የቨርዥን ቁጥር ተመልሶ አይሠራበትም፤ 1.4.1 ብለህ ያወጣኸው ከተበላሸ 1.4.2 ማለት ግድ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ስትሞክር ስምንት ቁጥር ታቃጥላለህ፤ ሰባቱም የተበላሹ ሆነው ለዓለም ሁሉ ይታያሉ። ወጪው አለ፣ የኔትወርኩ መቆራረጥ አለ፣ መብራትም ይጠፋል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ በአገሩ ሁሉ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘግቶ በነበረ ጊዜ፣ ማከማቻው ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሥራ ባለበት ቆመ። ሁለቱን ፎልደሮች በቀጥታ ማገናኘት የቻለ ሰው ግን ሥራውን መቀጠል ይችል ነበር። ይህን ዘዴ እንደ ትንሽ ብልሃት የሚያዩት አሉ። እኔ የኔትወርክ ዋስትና በሌለበት አገር ለሚሠራ ሰው ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ሊሆን ይገባል ባይ ነኝ።

ዘዴው ሊንክ ማድረግ ይባላል። ሁለት ጎረቤታሞች አስቡ። በመካከላቸው አጥር አለ። አንዷ ለሌላዋ ወጥ ለመላክ በዋናው በር ወጥታ፣ መንገዱን ዞራ፣ በጎረቤቷ ዋና በር ትገባለች። አንድ ቀን አጥሩ ላይ ትንሽ በር ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ወጡ ገና ድስት ላይ እያለ ጎረቤት ጨው መቅመስ ትችላለች። ኤንፒኤም እ.ኤ.አ. በ2010 ከወጣ በኋላ ይህን በር የሚከፍት ትዕዛዝ አበጅቷል፤ «ኤንፒኤም ሊንክ» ይባላል። ጥቅሉ ፎልደር ውስጥ ገብተህ አንዴ ትጽፈዋለህ፤ ኮምፒውተሩ «እንዲህ የሚባል ጥቅል እዚህ አለ» ብሎ የጋራ ቦታ ላይ ይመዘግባል። ከዚያ ወደ ሆቴሉ ፕሮግራም ትሄድና ያንኑ ትዕዛዝ ከጥቅሉ ስም ጋር ትጽፋለህ። በቃ። የጳጉሜንን መስመር አርመህ ፋይሉን ስታስቀምጥ፣ የሆቴሉ ፕሮግራም በዚያው ቅጽበት አራት ሌሊት ይላል። የወጣ ቁጥር የለም፣ የተበላ ዳታ የለም።

ውስጡ የሚሠራው ነገር ሲምቦሊክ ሊንክ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው 4.2ቢኤስዲ በተሰኘው የዩኒክስ ዝርያ ከገባ ወዲህ የተለመደ ነው። ሲምቦሊክ ሊንክ ፋይል ይመስላል እንጂ በውስጡ ያለው አድራሻ ብቻ ነው። በር ላይ «እነ እገሌ ቤት ነኝ» ተብሎ እንደተለጠፈ ወረቀት ነው። ዴስክቶፕ ላይ ከምናውቀው ሾርትከት የሚለየው፣ ሾርትከትን የሚከተለው መስኮቱን የከፈተው ሰው ሲሆን ሲምቦሊክ ሊንክን ግን ማንኛውም ፕሮግራም ሳያውቀው መከተሉ ነው። ዊንዶውስ ላይ ለተራ ተጠቃሚ ሲምቦሊክ ሊንክ መፍጠር ስለሚከለከል፣ ኤንፒኤም እዚያ «ጃንክሽን» የተባለውን ዘመዱን ይጠቀማል። ሥራው ያው ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ቀላል ነው፤ ብዙ መማሪያዎችም እዚህ ላይ ያቆማሉ። ተማሪን ሌሊት የሚያስለቅሰው ነገር ግን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ጥቅላችን ሒሳብ ብቻ አልነበረውም። እንግዳው ቀን የሚመርጥበት፣ አሥራ ሦስቱን ወራት የሚያሳይ ሰሌዳም ነበረው። ሰሌዳው የተሠራው ሪአክት በተባለ የገጽ መሥሪያ ነው፤ የሆቴሉ ፕሮግራምም በሪአክት ነው። ሊንክ ባደረግን ቀን ሒሳቡ ሠራ፣ ሰሌዳው ግን ገጹን ይዞት ወደቀ። ማያው ላይ የወጣው መልእክት «ኢንቫሊድ ሁክ ኮል» ይላል፤ ሁክ የተባለውን የሪአክት መሣሪያ ያለቦታው ጠርታችኋል ማለቱ ነው። እኛ ግን ያለቦታው የጠራነው ነገር አልነበረም። ኮዱን ሦስት ጊዜ አነበብን። አንድም ጥፋት የለውም። ያው ጥቅል ከማከማቻው ሲወርድ ይሠራል፣ ሊንክ ሲሆን ይወድቃል።

ምክንያቱን እንዲህ ልግለጸው። የጎረቤት ልጅ በአጥሩ በር ገብቶ እናንተ ግቢ ይጫወታል። ከእናንተ ልጆች ጋር ሲሯሯጥ ላየው ሰው የቤቱ ልጅ ይመስላል። ሲርበው ግን ወደ እናንተ ማጀት አይሄድም፤ በዚያው በር ተመልሶ ወደ እናቱ ማጀት ይሮጣል። ሊንክ የተደረገ ጥቅልም እንዲሁ ነው። ኮዱን የሚያስኬደው ኖድ አንድን ጥቅል በሊንክ በኩል ሲያገኝ ወረቀቱ ላይ ባለው አይረካም፤ እውነተኛ አድራሻውን አጣርቶ ይይዛል። ጥቅሉ «ሪአክት ስጡኝ» ሲል ፍለጋው የሚጀምረው ከእውነተኛው ቤቱ ነው፤ እዚያ ያለውን «ኖድ ሞጁልስ» የተባለ ፎልደር ያያል፣ ካጣ ወደ ላይ አንድ ደረጃ ይወጣል፣ እንደገና ያያል። የጥቅላችን ማጀት ውስጥ ደግሞ ለራሱ መሞከሪያ ብለን ያስቀመጥነው ሪአክት ነበር። ስለዚህ አንድ ገጽ ላይ ሁለት ሪአክት ገባ፤ አንዱ የሆቴሉ፣ አንዱ የጥቅሉ።

ቨርዥናቸው አንድ ቢሆንስ? አንድ ቢሆንም አይጠቅምም። አንድ ዕቁብ ሁለት ጸሐፊዎች ኖረውት፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ደብተር ቢይዙ አስቡት። ሁለቱም ሐቀኞች፣ ደብተሮቹም ከአንድ ሱቅ የተገዙ ይሁኑ። አንዱ ዘንድ የከፈለ ሰው ሌላው ዘንድ አልከፈለም። ሪአክት የትኛው የገጹ ክፍል አሁን እየተሠራ እንደሆነ የሚመዘግብበት አንድ ደብተር አለው። ሆቴሉ በአንዱ ደብተር ሲያስመዘግብ ሰሌዳው ሌላውን ገልጦ ባዶ ያገኘዋል፤ ባዶ ሲያገኘው ይጮኻል።

መድኃኒቱ በሁለት በኩል ነው። ጥቅሉ «ሪአክትን ይዤ አልመጣም፣ ቤቱ ያለውን እጠቀማለሁ» ብሎ ማስታወቅ አለበት፤ ይህ ማስታወቂያ ፒር ዲፔንደንሲ ይባላል። ከማከማቻው ሲወርድ ይህ ይበቃል። ሊንክ ሲሆን ግን አይበቃም፤ በማጀቱ ያለው ሪአክት ማስታወቂያውን ሳያይ ይገኛልና። ስለዚህ በሥራው ወቅት የጥቅሉን ሪአክት ራሱን ወደ ሆቴሉ ሪአክት ሊንክ ታደርገዋለህ፤ የልጁን እናት ማጀት ከእናንተ ማጀት ጋር እንደማገናኘት ነው። ወይም ኮዱን ሰብስቦ ለብራውዘር የሚያዘጋጀው መሣሪያ ላይ «ሪአክት ሲጠራ ሁሌም ከዚህ ብቻ» ብለህ ትጽፍለታለህ። እኛ ሁለተኛውን መረጥን። እስካሁንም እሱን ነው የምመክረው፤ አንዴ ከተጻፈ አይረሳም።

ሌላው ወጥመድ ከዚህ ያነሰ ቢሆንም ጊዜ ይበላል። ብዙ ጥቅሎች የተጻፉበት ኮድና የሚሰጡት ኮድ አንድ አይደለም፤ በታይፕስክሪፕት ተጽፎ ወደ ጃቫስክሪፕት ይቀየራል። ሊንኩ ሙሉውን ፎልደር ቢያሳይም ሆቴሉ የሚያነበው የተቀየረውን ነው። መስመሩን አርመህ መቀየሪያውን ካላስኬድክ የትናንቱን ትሞክራለህ። ሊጡን አቡክተህ ምጣዱ ላይ ያለውን የትናንት እንጀራ እንደመቅመስ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ መቀየሪያው ፋይል በተነካ ቁጥር በራሱ እንዲሠራ አድርጎ መተው ነው።

ደግሞ በሩ በጸጥታ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ኤንፒኤም ሊንክ ጥቅሎቹን በሚዘረዝረው የፕሮጀክቱ መዝገብ ላይ ምንም አይጽፍም። ይህ ጥሩ ጎኑ ነው፤ የግል በርህ የግልህ ሆኖ ይቀራል። ግን መዝገቡ ስለማያውቀው፣ ሌላ ጥቅል ለመጨመር «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ስትል ሊንኩን አንስቶ በምትኩ ከማከማቻው የወረደውን ሊያስቀምጥ ይችላል። ምንም መልእክት የለም። አንተ ጥቅሉን እያረምክ ትቀጥላለህ፣ ሆቴሉ ንቅንቅ አይልም።

ይህን ለማምለጥ ብዬ ነው እኔ ሌላኛውን መንገድ የያዝኩት። ኤንፒኤም ኢንስቶልን በጥቅል ስም ፈንታ የፎልደር አድራሻ ብትሰጠው ሊንኩን ይፈጥርና አድራሻውን መዝገቡ ላይ ይጽፈዋል። አሁን አይጠፋም። ያን ቀን ማታ ሥራዬን ለባልደረባዬ ላክሁ፤ ቢሾፍቱ ነው የሚሠራው። በማግስቱ ጠዋት ደውሎ «ይሄ ፎልደር የታለ?» አለኝ። የኔ ላፕቶፕ ላይ ጥቅሉ ከሆቴሉ ፕሮግራም ጎን ነው፤ የእሱ ላፕቶፕ ላይ ጥቅሉ ጭራሽ የለም። መዝገቡ «ጎረቤት አለ» ይላል፣ እዚያ ሰፈር ግን ጎረቤት የለም። ግማሽ ቀኑን ያጠፋሁበት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የላፕቶፔ አድራሻ ያለበትን መዝገብ ለሰው ላለመላክ ሁሌም አጣራለሁ።

ሌሎች ቋንቋዎች ይህንኑ ችግር በየራሳቸው መንገድ ይዘውታል። ፓይተን ላይ ጥቅል የሚጭነውን ፒፕን «ለማረም የተከፈተ» አድርገህ ጫንልኝ የሚባልበት መንገድ አለ። ጎ ላይ «ሪፕሌስ» የምትባል መስመር ትጻፋለች፤ መዝገቡን እንዳታበላሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ለብቻዋ የምትቀመጥ የሥራ ፋይል ተፈቅዶላታል። ዳርትም የግል አድራሻዎችን የሚያስቀምጥበት ከዋናው መዝገብ የተለየ ፋይል አለው። ኤንፒኤም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ቨርዥን 7 ጀምሮ ብዙ ጥቅሎችን በአንድ ግቢ የሚያኖርበት «ወርክስፔስ» አለው፤ ጥቅሉና ፕሮግራሙ የአንድ ቡድን ከሆኑና ሁሌም አብረው የሚለወጡ ከሆነ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው፤ አጥር የሌለበት ግቢ በር አያስፈልገውም። እኛ ጥቅሉን ለሌሎችም መስጠት ስለፈለግን አጥሩን አላፈረስነውም።

ልሰጠው የምፈልገው ትልቁ ማስጠንቀቂያ ግን ስለ በሩ አይደለም። በሩ ሲሠራ ስለሚያሳየው ነገር ነው። ሊንክ የሚያሳይህ ጓዳህን ነው። ለሰው የሚደርሰው ግን መሶቡ ላይ የቀረበው ነው።

ጳጉሜን ገብታ ነበር። ሒሳቡ ታርሟል፣ ሰሌዳው ቆሟል፣ በሊንኩ ሁሉም ነገር ደስ የሚል ነው። ጥቅሉን ወደ ማከማቻው ልንልከው ስንል ባልደረባዬ አስቆመኝ። «መጀመሪያ ጠቅልለህ ላክልኝ» አለ። «ኤንፒኤም ፓክ» የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ ለማከማቻው ሊላክ የነበረውን ነገር፣ አንድም ሳይጨምር አንድም ሳይቀንስ፣ በአንድ የታሸገ ፋይል አድርጎ እዚያው ፎልደርህ ውስጥ ያስቀምጥልሃል። ያን ፋይል በኢሜይል ወይም በፍላሽ ልከህ ሌላው ሰው ላፕቶፕ ላይ መጫን ይቻላል። ላክሁለት። ጫነው። አማርኛው በትክክል መጣ። ቋንቋውን ወደ አፋን ኦሮሞ ሲቀይረው ገጹ ተበላሸ፤ ፉልባናም ቃሜም የሉም።

የአፋን ኦሮሞ የወራት ስሞች ለብቻቸው አንድ ፋይል ውስጥ ነበሩ። ጥቅሉ ደግሞ «ሲላክ የሚካተቱት እነዚህ ናቸው» የሚል ዝርዝር አለው፤ ያ ፋይል ከዝርዝሩ አልገባም። በሊንክ ስንሠራ ሆቴሉ ሙሉውን ጓዳ ስለሚያይ ፋይሉን ያገኘው ነበር። የታሸገው ውስጥ ግን የለም። ልከነው ቢሆን ኖሮ ለበዓሉ ዋዜማ በአፋን ኦሮሞ የሚሠሩት የሆቴሉ ሠራተኞች ባዶ ሰሌዳ ይገጥማቸው ነበር። ብዙ የከተማው ሰው በሚናገረው ቋንቋ ላይ እንዲህ ያለ ጉድለት ሲታይ «ትንሽ የቴክኒክ ስሕተት» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ሰው እንደተረሳ ነው የሚሰማው፤ ቢሰማውም ልክ ነው።

ስለዚህ በየመሃሉ የሚሠራው በሊንክ ይሁን፤ የመጨረሻው ሙከራ ግን ሊንኩ ተፈትቶ፣ ከታሸገው ፋይል፣ ከተቻለም ሌላ ሰው ላፕቶፕ ላይ ይሁን እላለሁ። የሁለት ፎልደር ባለቤት የሆነ ሰው የራሱን አጥር አያየውም።

ፋይሉን ዝርዝሩ ውስጥ አስገባን፣ እንደገና ጠቀለልን፣ ቢሾፍቱ ላይ ሠራ፣ ተላከ። እኔ በጳጉሜን 3 ከሰዓት በኋላ ወደ ሆቴሉ ሄጄ አዲሱን ቨርዥን ጫንኩ። ልጅቷ መግቢያው ላይ ጳጉሜን 4፣ መውጫው ላይ መስከረም 2 ብላ ጻፈች። አራት ሌሊት አለ። ቋንቋውን ቀየረችው፤ ቃሜ 4፣ ፉልባና 2፣ አሁንም አራት። ከዚያ እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ በጣቶቿ አንድ ሁለት እያለች እንደገና ቆጠረች።